አንገቱን ማን አሳጠረው?

አጣዬ ውስጥ ሠርግና ክርስትና እያነሳ የሚተዳደር አንድ ወጣት አለ። በጾም ወራት ሥራው ሲቀዘቅዝ ካሜራውን አንግቶ ከብት፣ ግመልና ዝንጀሮ ፍለጋ ይወጣል። ሰሞኑን ካነሳቸው ሦስቱን በትልቁ አሳትሞ፣ በሁለት ካርቶን መሐል አድርጎ ቤቴ ይዟቸው መጣ። በወረቀት ማሳተሙን ወደድኩለት። በ2013 ዓ.ም. ከተማችን ስትቃጠል የቤተሰባችን አልበም አብሮ ስለሄደ፣ በእጅ የሚያዝ ፎቶ ባየሁ ቁጥር ዛሬም ቀስ ብዬ ነው የምነካው።

«ጋሼ፣ ሳይራሩ ይዩልኝ» አለኝ።

ከጎኔ ዕድሜያቸውን በእርሻ ያሳለፉ ጎረቤቴ ቡና እየጠጡ ነበር። የመጀመሪያውን ፎቶ ከእኔ ቀድመው እሳቸው አነሱት። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ በሬ ነው፤ ፊት ለፊት የተነሳ። ቀንዶቹ የፎቶውን ግራና ቀኝ ጠርዝ ሊነኩ ትንሽ ቀርቷቸዋል፤ እርጥብ አፍንጫው ያበራል። ስልክ ላይ ቢያልፍ ብዙ ሰው የሚወደው ዓይነት ነው። ሽማግሌው ግን ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ።

«በሬው የማን ነው?»

«የአጎቴ ነው፣ አባባ።»

«ታዲያ አንገቱን ምነው አሳጠርከው? ኋላውስ የት ገባ?»

ስለ እንስሳት ፎቶ ብዙ ሂስ ሰምቻለሁ። ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ግን አላስታውስም። በሬው አንገተ አጭር አይደለም፤ ያሳጠረው ፎቶ አንሺው የቆመበት ቦታ ነው። ወጣቱ ሰፊ ሌንስ ይዞ፣ ከአፍንጫው አንድ ሜትር በማይሞላ ርቀት ቆሞ ነው ያነሳው። የበሬው ጭንቅላት ለካሜራው ቅርብ ስለሆነ ገዝፎ ወጣ። ትከሻው፣ ሻኛው፣ ወገቡና ዳሌው ግን ከጭንቅላቱ ጀርባ ተሸጉጠው አነሱ።

ነገሩ በቀላል ስሌት ይገባል። ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጆሮው ግማሽ ሜትር ነው እንበል። አንድ ሜትር ላይ ቆመህ ብታነሳ አፍንጫው ከአንተ 1 ሜትር፣ ጆሮው ደግሞ 1.5 ሜትር ይርቃል። እናም አፍንጫው ከጆሮው አንጻር አንድ ተኩል እጥፍ ተጋኖ ይወጣል። አሥር ሜትር ራቅ ብለህ ብታነሳ ግን ርቀቶቹ 10 እና 10.5 ይሆናሉ፤ ልዩነቱ ከመቶ አምስት ብቻ ነው፣ ዓይን አይለየውም። ብዙ ሰው ጥፋቱን በሌንሱ ያሳብባል። ሌንስ የሚወስነው ምን ያህሉ ወደ ፍሬሙ እንደሚገባ ነው። የአካል ክፍሎችን መጠን እርስ በርስ የሚያዛባው ርቀት ነው። ስልካችን ዋና ሌንሱ ሰፊ በመሆኑ እንድንጠጋ ይገፋፋናል፤ ስንጠጋ ደግሞ አፍንጫ ይገዝፋል። በሠፈራችን የሚነሱ ውሾችና ፍየሎች ሁሉ አፍንጫቸው ድንች የሚያክለው ከዚህ የተነሳ ነው።

ሽማግሌው ይህን ስሌት አያውቁትም፤ ሥራውን ግን ከእኔ በላይ ያውቁታል። በከብት ተራ በሬ ሊገዛ የመጣ አዋቂ ገበሬ ዘሎ በሬው አፍንጫ ሥር አይቆምም። መጀመሪያ ራቅ ብሎ ከጎን ያየዋል፤ ጀርባው ቀጥ ያለ መሆኑን፣ ሻኛው አቀማመጡን፣ አራቱ እግሮቹ ክብደቱን እኩል መሸከማቸውን። ቀጥሎ ወደ ኋላ ዞሮ የዳሌውን ስፋት ያያል። ከዚያ ሲነዱት አረማመዱን ያያል። ተጠግቶ ጥርሱን የሚያየው በመጨረሻ ነው። እያንዳንዱ ርቀት የራሱ ጥያቄ አለው። ገዢው በሬውን ሊዞረው ይችላል። ፎቶ አንሺ ግን ከነዚያ መቆሚያዎች ሁሉ አንዱን ብቻ መርጦ ሌላውን መተው አለበት። የፎቶ ዳኛም ሌላውን ሁሉ አቆይቶ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህንኑ ይመስለኛል፦ ይህ ሰው የት ቆሞ ነበር? እዚያ መቆሙስ ስለ እንስሳው ምን አሳወቀን?

መጠጋት ሁልጊዜ ጥፋት ነው ማለቴ አይደለም። እንግሊዛዊው ኒክ ብራንት የምሥራቅ አፍሪካን ዝሆኖችና አንበሶች ያነሳው በቴሌፎቶ ሌንስ ከሩቅ ሳይሆን ቀርቦ፣ ፔንታክስ 67 በተባለ ከባድ የፊልም ካሜራ ነው። ስለተጠጋም እንስሳው ገዝፎ፣ ሰማዩና ሜዳው ደግሞ በዙሪያው ሰፍቶ ይታያል። በእሱ እጅ ቅርበቱ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። በቦራው ፎቶ ግን ቅርበቱ የመጣው ከችኮላ ነው፤ ወጣቱም ይህን ስነግረው አልተከራከረኝም።

ሁለተኛውን ፎቶ ሳወጣ ዝም አልኩ።

ግመል ናት። የተነሳችው በሰንበቴ፣ በእሑድ ገበያ ነው። ሰንበቴን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው በአንድ ቀን የሚገናኙበት የይፋት ቆላ ገበያ ነው። ግመል ተራው አቧራና ጩኸት አያጣም፤ ከዚያ መሐል ጸጥ ያለ ፎቶ ይዞ መውጣት በራሱ ሙያ ነው። ይህ ፎቶ ጸጥ ያለ ነው።

የቆመች ግመል ዓይኗ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ቆመህ ካነሳሃት ከታች ወደ ላይ ታያለህ፤ አገጭና የአፍንጫ ቀዳዳ ይገዝፋሉ፣ ዓይኗ በግማሽ ተከድኖ ቁልቁል የምትንቅህ ይመስላል። ግመልን ኩሩ የሚያስመስሏት ፎቶዎች አብዛኞቹ የተነሱት እንዲህ ነው፤ ኩራቱ የመጣው ከሰውየው ቁመት ማጠር ነው። ወጣቱ ግን እስክትንበረከክ ጠበቀ። ስትንበረከክ እሱም በጉልበቱ ተንበረከከ። ካሜራው ከዓይኗ ጥቂት ብቻ ዝቅ አለ። ምን ያህል ራቅ እንዳለ ስጠይቀው «ስምንት ዘጠኝ እርምጃ» አለኝ። ለዚህ ነው አንገቷ ርዝመቱን ያልተቀማው፤ ከደረቷ ተነስቶ ቁልቁል ወርዶ፣ ተመልሶ ወደ ጭንቅላቷ ሲወጣ የሚሠራው ቅስት ሳይሰበር ይታያል። ከኋላ ሻኛዋ ያንን ቅስት በትንሹ ይደግመዋል። ሁለቱን ቅስቶች ዓይን አንዴ ካያያዘ በኋላ መለየት ያስቸግራል።

ዳራውን ተመልከቱት። ከአጣዬም ሆነ ከሰንበቴ ወደ ምዕራብ ሲዞሩ የመንዝ ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ጀምበር ቆላው አድማስ ላይ ሳትደርስ ያ ግድግዳ ይቀድማታል፤ ገበያው ሊበተን ሲል ጥላው ሜዳውን ይሸፍናል፣ ከምሥራቅ በአፋር በኩል ያለው ሰማይ ግን ገና ብሩህ ነው። ወጣቱ ያነሳት በዚያች አጭር ሰዓት ነው። ፊቷን የሚያበራው ፀሐይ ሳይሆን ሰማይ ነው፤ ስለዚህ ከዓይኗ ሥር ጥቁር ጥላ የለም፣ ፀጉሯም አልነጣም። ተራራው ከኋላዋ ደብዝዞ ሰማያዊ ሆኗል። ከሁሉ የወደድኩት ግን የተራራው ጫፍ መስመር የት እንዳለፈ ነው። ያ መስመር ከአገጯ በታች ነው የሚያልፈው። አንድ ስንዝር ከፍ ቢል ፊቷን እንደ ቢላ ይቆርጠው ነበር፤ ትንሽ ቢጨምር ደግሞ ከጆሮዋ የበቀለ ቀንድ ይመስል ነበር። ጭንቅላቷ ንጹሕ ሰማይ ላይ ብቻውን ቀርቷል። ይህ የሆነው በጉልበቱ ስለተንበረከከና የካሜራውን ከፍታ በጣት ልክ ስላስተካከለ ነው። ማንም «ቅንብሩ እንዴት ያምራል» ሲል የሚያመሰግነው ይህንን የጉልበት ሥራ ነው።

ዓይኗ። የግመል ሽፋሽፍት ድርብ ነው፤ አሸዋና አቧራ እንዳይገባባት ተፈጥሮ በሁለት ረድፍ ተክሎላታል። በፎቶው ላይ ሁለቱም ረድፍ ይቆጠራል፤ በላይኛው ላይ ያረፈው የገበያ አቧራ ሳይቀር። ፎከሱ እዚያ ላይ ነው ያረፈው እንጂ ለካሜራው በቀረበው አፍንጫ ላይ አይደለም። በብሌኗ ውስጥ ያለችው የብርሃን ነጥብ ደግሞ ነጭ ሳትሆን ሰማያዊ ናት፤ ያ የምሥራቁ ሰማይ ነው። ይህችን ነጥብ በኮምፒውተር ነጭ አድርጎ የሚያደምቅ ሰው ብዙ ነው። እሱ አልነካትም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ተነሳ። የተነሳችው ከጎን ስለሆነ የምትታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። ወጣቱ ይህን እንደ ጉድለት ፈርቶት ነበር። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በአብያተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ፊታቸው ወደ እኛ ዞሮ ነው የሚሳሉት። ሰይጣን፣ አሳዳጆችና ከሓድያን ግን ከጎን፣ በአንድ ዓይን ይሳላሉ። ይህን ሥርዓት ከልጅነታችን ጀምሮ ስላየነው፣ ማንም ሳያስተምረን በአንድ ዓይን የሚታይ ፊት የተደበቀ፣ የማይታመን ይመስለናል።

ሥርዓቱ ግን የተሠራው ለሰው ፊት ነው። የሰው ሁለት ዓይኖች ፊት ለፊት የተቀመጡ ናቸው፤ ከጎን ስታየው የሚያይህ አይመስልም። የግመል፣ የበሬ፣ የፍየል ዓይን ግን በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ነው ያለው፤ ብሌኑም አግድም የተኛ ነው፣ ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመቃኘት። ግመል ከጎንህ ቆማ በአንድ ዓይኗ እያየችህ ከሆነ፣ ያ ለእሷ ፊት ለፊት ማየት ነው። በደንብ ፊት ለፊት ብትቆምባት ሁለቱም ዓይኖቿ ከአንተ ሸሽተው ወደ ጎንና ጎን ያያሉ፤ በፎቶ ላይ የሚቀረው ግንባርና አፍንጫ ነው። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆርጅ ስተብስ በ1762 እ.ኤ.አ. ገደማ ዊስልጃኬት የተባለውን ፈረስ ያለ ምንም ዳራ፣ ከሰው ቁመት በሚበልጥ ሸራ ላይ ሲስለው አካሉን ከጎን አሳይቶ ጭንቅላቱን ወደ ተመልካች ጥቂት መለስ አድርጎታል። ለንደን ባለው ብሔራዊ ጋለሪ ዛሬም የሰው ልጅ እንደሚታይ ይታያል። ስተብስ የፈረስ አስከሬን እየገነጠለ አጥንትና ጡንቻ ያጠና ሰው ነበር፤ ዓይን የት እንደተተከለ ያውቃል። ስለዚህ ለወጣቱ የነገርኩት ይህ ነው፦ በአንድ ዓይን መታየት ለግመሏ ነውር አይደለም።

ለጭላዳ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሦስተኛው ፎቶ የጭላዳ ነው።

ከአጣዬ ቀና ብለው የሚያዩት ያ የመንዝ ግድግዳ ከላይ ጓሳ ነው፤ ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነ ውርጭ የማይለየው የሳር አገር። የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሳር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሳቸው ሥርዓት ለዓመታት እየከለከሉ፣ በተራ እያጨዱ ጠብቀውታል። ለዚህ ነው ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው እዚያ የተረፉት። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመራማሪዎች የጓሳን ጭላዳዎች በየቀኑ እየተከተሉ ሲያጠኑ ኖረዋል። ከእነሱ መሐል ጀፍሪ ከርቢ የሚባል ሳይንቲስት ፎቶ አንሺም ነው፤ የጭላዳ ሥራዎቹ በናሽናል ጂኦግራፊክ ታትመዋል። የከርቢን ሥራ በትኩረት ያየ ሰው የሚገባው ነገር ርቀቱን ያሳጠረለት ሌንስ አለመሆኑ ነው። እንስሳቱ ሰውን ለምደው፣ አጠገባቸው ሲቀመጥ ሳር መንቀላቸውን ስለማያቋርጡ ነው። በእንዲህ ዓይነት ፎቶ ውስጥ የሚታየው ቅርበት የዓመታት ሥራ ነው። ቅዳሜ ደርሶ እሑድ የሚመለስ ሰው ሊገዛው አይችልም።

የወጣታችን ጭላዳ ወንድ ነው፤ ጎፈሩ በነፋስ ተበትኗል። ፊቱ ግሩም ነው፣ ዓይኖቹ ፊት ለፊት፣ ሁለቱም ጥርት ብለው ይታያሉ። ፎቶው ግን ከአገጩ ሥር ተቆርጧል። ይህ ከበሬው አንገት የበለጠ ያሳዘነኝ ነው። ጭላዳ የቀኑን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው በቂጡ ተቀምጦ፣ በሁለት እጁ ሳር እየነቀለ፣ ሳይነሳ ወደፊት እየተንሸራተተ ነው። ሌሎች ዝንጀሮዎች በኋላቸው የሚያሳዩትን ምልክት እሱ በደረቱ የተሸከመው፣ ሁልጊዜ ስለሚቀመጥ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ያ ፀጉር የሌለው ቀይ የደረት ቆዳ የእሱ መታወቂያ ነው። የጭላዳን ፊት ብቻ አንስቶ ደረቱን መቁረጥ፣ የሰውን ደረት አንስቶ ፊቱን እንደ መቁረጥ ነው። ትክክለኛው መቆሚያ ከፊት ለፊት፣ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ካሜራውን ከደረቱ ጋር እኩል ማድረግ ነው። አካሉ ራሱ ቦታውን ይነግርሃል።

ከሥር ጠርዝ ላይ በቀረችው የደረት ቁራጭ ላይ ደግሞ ቀለሙ እንደ በርበሬ ደምቋል። «ትንሽ ጨመርኩበት» አለ ሲጠየቅ። ይህን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። በሰሜን ተራሮች የተደረገ ጥናት እንደሚያሳየው ብዙ ሴቶች ያሉትን ቤተሰብ የሚመራ ወንድ ደረቱ ከሌሎች ይበልጥ ይቀላል። ቅላቱ ማዕረግ ነው። ቀለሙን በኮምፒውተር የሚያደምቅ ሰው ለተራው ወታደር የጄኔራል ምልክት እየሰፋለት ነው። የሰንበቴን ሰማያዊ ነጥብ ሳይነካ የተወ እጅ ይህን ማድረጉ ገረመኝ፤ ልጁም ፊቱ ቀላ።

ከንፈሩም አለ። ጭላዳው የላይ ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ጥርሱንና ድዱን አሳይቷል። ፎቶውን ያየ ሁሉ «ሲስቅ!» ይላል። ሳቅ አይደለም፤ ሲፈራና ውጥረት ውስጥ ሲገባ የሚያሳየው ነው። እንዲህ ያለ ፎቶ ሲቀርብልኝ የማየው ዓይኑ ወዴት እንደሚያይ ነው። ወደ ጎን ካየ፣ ከሌላ ጭላዳ ጋር እየተነጋገረ ነው፤ ፎቶ አንሺው ዕድለኛ ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ሌንሱ ካየ ግን የሚነጋገረው ከፎቶ አንሺው ጋር ነው፣ «ተጠጋኸኝ» እያለው። የኛው ቀጥ ብሎ ያያል።

በጓሳ ከተነሱት ሁሉ ደጋግሜ የማስበው ግን አንድም እንስሳ ብቻውን የማይታይበት ዓይነት ፎቶ ነው፦ ቀይ ቀበሮ በጭላዳዎች መንጋ መሐል ስትሄድ፣ ጭላዳዎቹም ሳይሸሹ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ከርቢም የተሳተፈበት የጓሳ ጥናት ቀበሮዎች በመንጋው መሐል ሆነው አይጥ ሲያድኑ 67 በመቶ፣ ብቻቸውን ሲያድኑ ግን 25 በመቶ ብቻ እንደሚሳካላቸው አሳይቷል። እንግዲህ የቀበሮዋን ፊት አቅርቦ፣ የቀረውን አደብዝዞ የሚያነሳ ሰው ቆንጆ ፎቶ ይኖረዋል፤ ስለ እሷ ግን ትልቁን ነገር ከፍሬሙ አስወጥቷል። ለእሷ እነዚያ የደበዘዙ ቡናማ ጀርባዎች የፊቷ ክፍል ናቸው። ስፋት ያለው፣ በጎረቤት የተሞላ ፎቶ «ፖርትሬት አይደለም» ብሎ የሚጥል ዳኛ ካጋጠመኝ እከራከረዋለሁ።

ወጣቱ ፎቶዎቹን ሊሰበስብ ሲል የግመሏን እንደገና ጠየቅኩት። አንድ ቅሬታ ነበረኝ። በቀኝ በኩል፣ ከአፏ ሥር የተነሳው ገመድ ተወጥሮ ሄዶ ጠርዙ ላይ ድንገት ይቆረጣል። ከፊቷ ያለው ባዶ ቦታም ጠባብ ነው፤ ወደምታይበት አቅጣጫ ሌላ አንድ ስንዝር ቢተውላት ትተነፍስ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ በዚህች ስንዝር መጉደሉ ቆጨኝ።

«ትቼላት ነበር፣ ጋሼ» አለ። «ባለቤቷ እዚያ ነበር የቆሙት፤ አዛውንት አፋር ናቸው። ግመሏን አንሳ፣ እኔን ግን አታንሳኝ አሉኝ። እጃቸው ገብቶብኝ ስለነበር ቆረጥኩት።»

ሽማግሌው ጎረቤቴ ፎቶውን ከእጄ ወሰዱት። ክንዳቸውን ዘርግተው አራቁት፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ አዞሩት። ጣታቸውን ከሻኛዋ አስነስተው በአንገቷ ቅስት፣ በአፏ፣ በገመዱ ላይ እያሳለፉ እስከ ጠርዙ ወሰዱት፣ ጠርዙ ላይም ቆሙ።

«ይይዟታል» አሉ፤ «ገመዱ አልላላም።»